የሳብሪን እጆች

አያን ድሬ ዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የሞባይል ቀፎ፣ ቻርጀርና ስፒከር ከሚሸጥባቸው ጠባብ ሱቆች በአንዱ ተቀጥራ ትሠራለች። ስልኩ የተቆለፈበት፣ ፎቶው የጠፋበት፣ ልጁ ከዓረብ አገር የላከለትን ቀፎ መክፈት ያቃተው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው፤ ንግግሯ ግን አጭር ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ሥራዋን እያየ ይደነቅና፣ "አቦ፣ አንቺ እኮ ይሄን አፕ የሚባለውን ራስሽ መሥራት ትችያለሽ!" ይላታል። አያን ቀና ሳትል፣ "አልችልም" ትላለች።

ትችላለች። አንድ ጊዜ ሠርታለችም። ለምን እንደተወችው ለመናገር ግን ከእህቷ ከሳብሪን መጀመር ያስፈልጋል።

ሳብሪን የአያን ታላቅ ናት። ያደጉት ገንደ ቆሬ ሰፈር ነው። እናታቸው ሃሊሞ ጨርቅ ትነግዳለች፤ አባታቸው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር፤ አያን ገና ዳዴ ስትል መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሳብሪን ሕፃን ሳለች አፏ የማይዘጋ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ የምትዘፍን ልጅ እንደነበረች ሃሊሞ ትናገራለች። ከዚያ ማጅራት ገትር ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት መስማቷንም ይዞ ሄደ፤ ቀስ በቀስ ድምፅዋም ተከተለው። አያን የእህቷን ድምፅ አታስታውስም።

ሳብሪን መስማት ለተሳናቸው በተከፈተ ልዩ ክፍል ገብታ ምልክት ቋንቋ ተማረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ መጀመሪያ የምታደርገው የተማረችውን ለአያን ማሳየት ነበር። አያን ሶማሊኛን ከእናቷ፣ ኦሮምኛን ከጎረቤት፣ አማርኛን ከመንገድና ከክፍል ያገኘች ልጅ ናት፤ አራተኛውን ቋንቋ የተቀበለችው ከሳብሪን ጣቶች ነው። ስትሳሳት ሳብሪን እጇን መታ ታደርጋት ነበር።

"ፊትሽስ?" ትላታለች በምልክት። "ፊትሽ ዝም ካለ እጅሽ ብቻውን አይናገርም። ስትጠይቂ ቅንድብሽን አንሺ።"

ሳብሪን ስታድግ ስፌት ተማረች። ቤት ውስጥ የስፌት መኪና ተክላ ሽቲ የሚባለውን ስስ ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። ሞሐሙድ የሚባል የባጃጅ ሹፌር የእህቱን ልጆች ዩኒፎርም ሊያሰፋ መጥቶ፣ እጅጌው ረዘመ፣ አንገትጌው ጠበበ እያለ ሰበብ እየፈለገ ተመላለሰ። በሰበቡ መሐል ምልክት ቋንቋ ለመደ። ሃሊሞ ገና ከመጀመሪያው ቀን ገብቷት ነበር፤ "ይሄ ልጅ ለዩኒፎርም አይደለም የሚመጣው" ብላ ስቃለች። ተጋቡ።

የመጀመሪያ ልጃቸውን ሳብሪን ስታረግዝ አያን ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሥራ በመፈለግ ላይ ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሞሐሙድ ባጃጁን ይዞ ከወጣ በኋላ፣ ሳብሪን ሆዷን ቆረጣት፤ ደምም አየች። ለአያንም ለሞሐሙድም የጽሑፍ መልእክት ልካ፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ባጃጅ አስቁማ ብቻዋን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ ማስክ አድርጋ ስለነበር ሳብሪን ከንፈሯን ማየት አልቻለችም። ሆዷን አሳየቻት። ሠራተኛዋ፣ እርጉዝ መሆኗማ ይታያል፣ ለክትትል መጥታ ነው ብላ ካርድ ሰጠቻትና ወደ አግዳሚው ጠቆመቻት። ሳብሪን ተቀመጠች።

ነርሷ ስሟን ጠራች። ደግማ ጠራች። የሚነሳ ሲጠፋ ካርዱን ከሥር አድርጋ ሌላ ሰው ጠራች።

አያን መልእክቱን አይታ እየሮጠች ስትደርስ ሳብሪን አግዳሚው ላይ በጎኗ ዘንበል ብላ ነበር፤ ቀሚሷ በደም ርሷል። ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሲነግሯት ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። "ደጋግሜ እኮ ጠራኋት" አለች። "ደጋግሜ።"

ሳብሪን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከአያን ጋር እንኳ አልተነጋገረችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትቀመጣለች። አንድ ቀን አያን ምሳ ስታቀርብላት ድንገት እጇን አነሳች።

"አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ" አለች። "የኔን ስም ይሁን የሌላ ሰው በምን አውቃለሁ? እጅ ቢያሳዩኝ ይገባኝ ነበር። አንድ የሚናገር እጅ ቢኖራቸው።"

አያን ምግቡን ትታ ላፕቶፗን ከፈተች።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ነርሷ መጠየቅ የምትፈልገውን ከስክሪኑ ላይ መርጣ ቁልፉን ትነካለች፤ "ተራሽ ደርሷል"፣ "የት ያምሻል?"፣ "ደም አለ?"። ስክሪኑ ላይ ያለው እጅ ጥያቄውን በምልክት ይናገራል፤ ከእጁ ጋር ፊትም አለ። ታካሚዋም ሥዕል እየነካች ትመልሳለች። ሐሳቡ ቀላል ይሁን እንጂ ለአንድ ሰው ብዙ ነበር። አያን ደግሞ ሰው ፊት ቆማ መናገር አትወድም። ስለዚህ ሰይፈ ሚካኤልን ፈለገችው።

ሰይፈ ሚካኤል የከዚራ ሰፈር ልጅ ነው፤ አያቱ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከአያን ጋር አንድ ክፍል ተምሯል። በተማሪነታቸው የቡድን ሥራ ሲሰጣቸው አያን ትሠራለች፣ ሰይፈ ሚካኤል ያቀርባል፤ ሁለቱም በዚህ ተስማምተው ኖረዋል። ስትፈልገው ለመሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር በሚጠግን ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ከዛፍ ሥር ባለ ሻይ ቤት ተቀምጠው የሳብሪንን ነገር ስትነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማስመሰል አልነበረም።

"እንሠራዋለን" አላት። "ወላሂ እንሠራዋለን። አንቺ እጁን ሥሪ፣ እኔ ገጹንና ቁልፎቹን።"

በዚያው ሰሞን አያን ታይዋን ውስጥ ሥራ አገኘች። ቀን ሱቅ ትውላለች፤ ዓርብ ከሰዓትና ሌላም ክፍት ጊዜ ስታገኝ ሳብሪን ቤት ትሄዳለች። ግቢው ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ሰቅለው ሳብሪንን ከፊቱ ያስቀምጧታል፤ አያን በስልኳ ትቀርጻለች። ከዚያ ቪዲዮውን እያቆመች እያንዳንዱን የእጅና የፊት ሁኔታ በላፕቶፕ ላይ ትስላለች፤ ሥዕሎቹ ተከታትለው ሲያልፉ እጁ ይንቀሳቀሳል። ሳብሪን ኃይለኛ መምህር ሆና ተመለሰች። አንዷ ጣት ከቦታዋ ከሳተች፣ ቅንድቡ ካረፈደ፣ "እንደገና" ትላለች።

"ደም አለ?" የሚለውን ሊቀርጹ ሲሉ ሳብሪን ጀምራ አቆመች። እንደገና ጀምራ አቆመች። ተነስታ ቤት ገባችና የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ሰፋች። አያን ስልኩን ይዛ ጥቁሩ ጨርቅ ፊት ጠበቀቻት። ሳብሪን ክር ቀሚሷ ላይ እንደተጣበቀ ወጣችና ተቀምጣ፣ ቅንድቧን አንስታ፣ ጥያቄውን ጠየቀች። አያን አላስደገመቻትም። እንከን አልነበረበትም።

ሳብሪን በመሐሉ፣ "እጄ እዚያ ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?" ብላ ጠየቀቻት።

አያን ጠረጴዛው ላይ ከወረቀት ተቆርጦ የተቀመጠውን የዩኒፎርም ቅድ አነሳች። "ይሄ ቅድ ልብስ አይደለም አይደል? ልብስ እንዴት እንደሚሰፋ የሚናገር ወረቀት ነው። እኛ ክላስ የምንለው እንደዚህ ነው። የእጁን ቅድ እኔ ጽፌያለሁ፤ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እሱ ያውቃል። ከዚያ ቅድ የተሰፋው፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እጅ ኦብጀክት ይባላል። ሰይፈ ሚካኤል ደግሞ የቁልፎቹን ቅድ ይጽፋል። ቁልፉ ሲነካ ስክሪኑ ላይ ያለውን እጅ ጠርቶ 'ይሄን አሳይ' ይለዋል። መንቀሳቀሱ የእጁ ሥራ ነው።"

"ቁልፉ እጁን በምን ያውቀዋል?"

አያን ሳቀች፤ ከሐዘኑ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ሳብሪን የጠየቀችው እሷና ሰይፈ ሚካኤል ከሳምንት በላይ የተጨቃጨቁበትን ነገር ነው።

ሰይፈ ሚካኤል ሁሉም ነገር በራሱ ገጽ ውስጥ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። የእጁን ሥዕሎች ቁልፎቹ ራሳቸው እንዲያቀያይሩ ፈልጎ አያን እንቢ አለች። "ቁልፍህ እጁ ውስጥ ገብቶ አይፈትፍት። ነገ አንድ ጣት ባስተካክል ያንተ ኮድ ሁሉ ይበላሻል" አለችው። "ፕሮግራሙ ሲከፈት አንድ እጅ ይፈጠራል። እሱኑ ለገጽህ አቀብልሃለሁ። አንተ ያቀበልኩህን ጥራ፤ ሌላ አትፍጠር።"

"እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ እኮ" አላት። በዚያው ሠሩት፤ ሠራም። ሳብሪን ቁልፉን ስትነካ የራሷ እጅ ከስክሪኑ ላይ ተነስቶ "ተራሽ ደርሷል" አላት። ሞሐሙድን ጠርታ አሳየችው። ሃሊሞን ጠርታ አሳየቻት። ሃሊሞ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው።

ወጣቶችን በቴክኖሎጂ የሚያበረታታ አንድ ድርጅት ድሬ ዳዋ ላይ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ሰይፈ ሚካኤል አስመዘገባቸው። አያን ሳብሪንና ሞሐሙድን ይዛ የደቻቱን ወንዝ በድልድይ ተሻግራ አዳራሹ ስትደርስ ሰይፈ ሚካኤል ሱፍ ለብሶ በር ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ሳብሪን ለዚያ ቀን የሰፋችውን ልብስ ለብሳ ከፊት ረድፍ ተቀመጠች።

ሰይፈ ሚካኤል ጥሩ ተናገረ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የሆነውን አወራ። "አሁን ራሳችሁ እዩት" አለና ትልቁ ስክሪን ላይ "የት ያምሻል?" የሚለውን ቁልፍ ነካ።

እጁ አልተንቀሳቀሰም።

ደግሞ ነካው። ሌላ ቁልፍ ነካ። ስክሪኑ ላይ ያለው እጅ ጣቶቹን እንደዘረጋ ቀረ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ሰይፈ ሚካኤል ላቡን ጠርጎ ፈገግ አለና ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

"የአኒሜሽኑ ክፍል የባልደረባዬ የአያን ነው" አለ። "እሷ ታየዋለች።"

ሁሉም ዞሮ አያት። አያን መድረኩ ላይ ወጥታ ላፕቶፑን ከፈተች፤ ያ ሁሉ ዓይን እያያት ግን ፊደሎቹ ተቀላቀሉባት። የእጁን ክላስ አየችው፤ እንደነበረ ነው። ሌላውን ለመክፈት ስትል ከዳኞቹ አንዷ ሰዓቷን አይታ፣ "እህቴ፣ ጊዜያችሁ አልቋል" አለች።

ያን ጊዜ ሳብሪን ተነሳች። የተባለውን አልሰማችም፤ ያየችው እጇ ስክሪኑ ላይ ተገትሮ መቅረቱንና እህቷ ላፕቶፑ ላይ ማጎንበሷን ነው። መድረኩ ላይ ወጥታ ከትልቁ ስክሪን አጠገብ ቆመችና ቅንድቧን አንስታ፣ በዝግታ፣ "የት ያምሻል?" ብላ በእጇ ጠየቀች። ቀጠለች። "ደም አለ?" አለች። "ተራሽ ደርሷል" አለች።

ሰይፈ ሚካኤል ልምድ ያለው ተናጋሪ ነው፤ ወዲያው ማይኩን አነሳ። "ይህች ናት ሳብሪን" አለ። "አፓችን የሚናገረው እንደዚህ ነው።"

ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ከዳኞቹ ዓይኑን የጠረገ ነበር። ሳብሪን ሰዎች እጃቸውን ሲያጋጩ አይታ ወደ አያን ዞረች። "የሚያጨበጭቡት ለምንድነው?" አለቻት። አንደኛ ወጡ።

በማግስቱ ደንበኛ ሳይበዛ አያን ሱቁ ውስጥ ሆና የሰይፈ ሚካኤልን ኮድ ከፈተች። ለማግኘት አልተቸገረችም። ከውድድሩ በፊት ገጹን አሳምራለሁ ብሎ ቁልፎቹን ወደ አዲስ ፋይል ወስዷቸዋል። አዲሱ ፋይል እጁን አያውቀውም፤ ማንም አላቀበለውም። እዚያ ቦታ ቀይ ስህተት ሲወጣበት ሰይፈ ሚካኤል ቀዩን ለማጥፋት አንድ መስመር ጨምሯል፤ እዚያው ቁልፉ ውስጥ አዲስ እጅ ፈጥሯል። ቀዩ ጠፋ። ቁልፉ በተነካ ቁጥር ያ አዲስ እጅ የታዘዘውን ሁሉ አንድም ሳያጎድል ሠርቷል፤ ግን ስክሪን ላይ የተቀመጠ እጅ አልነበረም፤ ማንም አያየውም። የሚታየውን እጅ ደግሞ ማንም አልጠራውም። የአያን ክላስ ምንም አልሆነም ነበር።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ላፕቶፑን አዙራ አሳየችው።

"ኦ" አለ። ግንባሩን መታ። "ምን ዓይነት ደደብ ነኝ!" መስመሩን አጠፋ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን እጅ ለአዲሱ ፋይል አቀበለ፤ እጁ ተንቀሳቀሰ። ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም ነበር።

"ንገራቸው" አለችው።

"ለማን?"

"ለዳኞቹ። ለድርጅቱ። ስህተቱ ከአኒሜሽኑ እንዳልነበረ።"

"አያን፣ አልፈናል እኮ። ማን ያስታውሰዋል?" ሳቀና ትከሻዋን ነካ አደረጋት። "እንዲያውም ባይበላሽ ኖሮ ሳብሪን አትወጣም ነበር፤ እኛም አናሸንፍም ነበር።"

ከሳምንታት በኋላ ዲና የምትባል የድርጅቱ አስተባባሪ ከአዲስ አበባ ደወለች። ድምፅዋ ጨዋ ነበር። አፑ በብዙ ጤና ጣቢያዎች እንዲሠራ ድርጅቱ እንደሚደግፈው፣ ሰይፈ ሚካኤል ሥራውን እንዲመራ አዲስ አበባ እንደሚሄድ ነገረቻት። "የአኒሜሽኑን ክፍል ግን ልምድ ላላቸው ባለሙያዎች ሰጥተነዋል" አለች። "መድረክ ላይ የገጠማችሁን ታስታውሻለሽ። ሐሳቡን ስላመጣሽ እናመሰግንሻለን።"

"ችግሩ የአኒሜሽኑ አልነበረም" አለች አያን።

"ሰይፈ ግን እንደዚያ አላለንም።"

አያን ስልኩን ዘግታ ወደ ከዚራ ሄደች። ሰይፈ ሚካኤል ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰማት። አልተቆጣም፣ አልካደም። ዓይኑን ግን መሬት ላይ ተከለ።

"እኔ ያንቺ ጥፋት ነው አላልኩም" አለ። "ሲጠይቁኝ ዝም ነው ያልኩት።"

አያን የዚያን ቀን መሳደብ ፈልጋ ስድብ ጠፋባት። ዞራ ሄደች።

ሳብሪን እንደገና አረገዘች። በዚህ ጊዜ አያን ለክትትል አብራት መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ አዲስ ታብሌት ተሰቅሎ አገኙ፤ አፑ ነበር። ያቺው ነርስ ነበረች፤ ሳብሪንን ስታይ ፊቷ በራ። "ነይ፣ ነይ፣ ለአንቺ የሚሆን ነገር መጥቷል!" አለችና ቁልፉን ነካች።

ስክሪኑ ላይ ከአንጓቸው የተቆረጡ የሚመስሉ ሁለት የሚያማምሩ እጆች ወጡ። ጣቶቻቸው ለስላሳ ነበሩ። ፊት የላቸውም። ፍጥነታቸው እንደ ሽክርክሪት ነው። አኒሜሽን የሚያውቁ፣ ምልክት ቋንቋ የማያውቁ ሰዎች እንደሠሯቸው አያን ወዲያው ገባት። ሳብሪን ትክ ብላ አየች። ነርሷ ደግማ ነካች።

"ምን እያለ ነው?" አለች ሳብሪን ለአያን። "የሚጠይቅ ነው የሚናገር?"

አያን ከቦርሳዋ የራሷን ስልክ አወጣች። የሳብሪን እጅና ፊት ያለበትን የመጀመሪያውን አፕ ከዚያ ላይ አላጠፋችውም ነበር። ለነርሷ ሰጥታ አሳየቻት። ነርሷ "የት ያምሻል?" የሚለውን ስትነካ ሳብሪን ሳታመነታ ወገቧን አሳየች።

"ወይኔ! ይሄ እኮ ይገባታል!" አለች ነርሷ። ኃላፊውን ጠራችው። ኃላፊው መጥቶ ስልኩን አገላብጦ አየ።

"ጥሩ ነው" አለ፤ ከልቡም ነበር። "ግን እንድንጠቀም የተፈቀደልን ግድግዳው ላይ ያለው ነው። ከማን እንደመጣ በማይታወቅ አፕ በሽተኛ ብናክምና አንድ ነገር ቢፈጠር እኔ ነኝ የምጠየቀው።"

"ከእኔ ነው የመጣው" አለች አያን።

ኃላፊው ስልኩን መለሰላት።

ስለዚህ በየክትትሉ አያን አብራት ገባች፤ በሁለቱ መሐል ቆማ ከነርሷ ወደ እህቷ፣ ከእህቷ ወደ ነርሷ ታስተላልፋለች። የሱቁ ባለቤት ፊቱን አጠቆረባት፤ ታገሰችው። ሳብሪን በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት፤ ሃሊሞ ደሄቦ ብላ ስም አወጣችላት። ሞሐሙድ ሕፃኗ ስታለቅስ እናቷ እንድታውቅ ማታ ማታ የሳብሪንን እጅ ደሄቦ ደረት ላይ አድርጎ ያስተኛቸው ነበር።

ደሄቦ ገና ጡት ላይ ሳለች ሰይፈ ሚካኤል ደወለ። ብዙ ጊዜ አልፎ ነበር። ሰላምታውን አስረዘመ፤ ከዚያ ወደ ነገሩ ገባ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች፣ እጆቹ የሚሉት አይገባንም ብለው ከየቦታው ቅሬታ አቅርበዋል። ድርጅቱ ተጨንቋል። "እኔ ጋ የነበረው በአዲሱ ሲተካ ጠፍቷል። የሳብሪን ቪዲዮዎችና ያንቺ የእጅ ክላስ አለሽ አይደል? እሱ ቢኖረን..."

"የለኝም" ብላ ዘጋችው።

ወዲያው ወደ ሳብሪን ቤት ሄደች። ወሬውን ስትነግራት ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያገኘችው ደስታ። "ተዋረዱ" አለቻት። "እነዚያን የሚያማምሩ እጆቻቸውን ይዘው ይቅሩ።"

ሳብሪን ሕፃኗን አልጋ ላይ አስቀምጣ እጆቿን ነጻ አደረገች። "ስጪው" አለች።

"ምኑን?"

"የኔን እጆች። ስጪው።"

"ሰርቀውኝ? ሰው ሁሉ ፊት አሳፍሮኝ፣ ዝም ብሎ ሸጦኝ፣ አሁን ደግሞ..."

ሳብሪን የአያንን እጆች ያዘቻቸው፤ በእነሱ ቋንቋ ይህ የሰው አፍ መያዝ ነው። ስትለቃት፣ "አንቺ የተወሰደብሽ ስም ነው" አለች። "እኔ ልጅ ነው የቀበርኩት። አሁን የሆነ ቦታ አግዳሚ ላይ የተቀመጠች ሴት አለች። ሰይፈን አታውቀውም፤ አንቺንም አታውቅሽም። ስጪው።"

አያን ስታለቅስ ሳብሪን አላባበለቻትም። እሷም ተቆጥታ ነበር።

ሰይፈ ሚካኤል ለበዓል ድሬ ሲመጣ አያን ሁሉንም በፍላሽ ገልብጣ ሰጠችው። ወፍሯል፤ ዓይኑን አሁንም መሬት ላይ ይተክላል። "ስምሽን እናስገባለን" አላት። "የሳብሪንንም። ቃሌን እሰጥሻለሁ።" የእጁን ክላስ እንዴት እንደሚጠራ ሊያስረዳት ሲል አቋረጠችው። "እኔ ነኝ የጻፍኩት" አለችው።

ሳብሪን ደሄቦን ለማስከተብ ብቻዋን በሄደችበት ቀን፣ ታብሌቱ ላይ የራሷን እጆች አየቻቸው። ተነስተው፣ "ልጅሽ ትኩሳት አላት?" ብለው ጠየቋት። ቅንድቡም በቦታው ነበር። የዚያን ቀን የነበረችው አዲስ ነርስ ናት፤ ሳብሪን ቆማ ስትቀር ጊዜ፣ አልገባት ይሆናል ብላ ደግማ ነካችላት። ሳብሪን የራሷን እጅ አንስታ ከስክሪኑ አጠገብ አደረገችው፤ ያው መሆኑን ልታሳያት ነበር። ነርሷ ሰላምታ መሰላትና እሷም እጇን አውለበለበችላት።

ሳብሪን ይህን ለአያን ስትነግራት እየሳቀች ነበር። አያን አልሳቀችም። አፑን በራሷ ስልክ ላይ ጭና፣ ስለ አዘጋጆቹ የሚለውን ገጽ ከፈተች። የሰይፈ ሚካኤል ስም ከላይ አለ። የድርጅቱ አለ። የአዲስ አበባዎቹ አኒሜሽን ባለሙያዎች ስም በሙሉ አለ። እስከ ታች ወረደች፤ ተመልሳም ወጣች።

"የለም?" አለች ሳብሪን።

"የለም።"

"ሌላ ሥሪ" አለቻት ሳብሪን።

"አልሠራም።"

ይህን ከተባባሉ ወዲህ ሁለቱ እንደ ድሮው አይደሉም። ተጣሉ ማለት አይቻልም፤ ዓርብ ዓርብ አብረው ይበላሉ፣ አያን ደሄቦን ታዝላለች። ግን ሳብሪን ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ አያንን አትጠራትም፤ አያስፈልጋትም። አያንም አትጠይቃትም። ሃሊሞ አንድ ቀን በሶማሊኛ፣ "ያ ነገር ብዙ ሴት ይረዳል አሉ፤ የኔ ልጆች እጅ እኮ ነው" ብላ ለጎረቤት ስታወራ ሰምታ አያን ከግቢው ወጣች።

ባለፈው ዒድ ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቆ ሳለ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። ሰይፈ ሚካኤል ነው። "ዒድ ሙባረክ አያን፤ ለሃሊሞና ለሳብሪን ሰላም በይልኝ" ይላል፤ ከሥሩ የምትንቀሳቀስ የጨረቃ ሥዕል አለች። አያን አነበበችው። አልመለሰችለትም፤ አላጠፋችውምም። ስልኩን ገልብጣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ቀጥሎ የቆመውን ሰው፣ "ምን ሆነብህ?" አለችው።